የላታሞ ሞተር የተከፈተ ዕለት

አሁን መኪና የሚመረምሩ ልጆች ገመድ ይሰኩና ስክሪን ያያሉ። ታቦር ተራራ ግርጌ ካለው ቤቴ ወደ ገበያ ስወርድ አንድ ጋራዥ በር ላይ ቆም እያልኩ አያቸዋለሁ። ጎበዞች ናቸው፤ አልንቃቸውም። ገመዱ ባንድ ደቂቃ የሚነግራቸውን እኔ በጣቴ፣ በአፍንጫዬና በጆሮዬ ለማወቅ ግማሽ ዕድሜዬን ፈጅቻለሁ። በቀደም አንደኛው፣ «አባባ፣ በእናንተ ጊዜ ሞተር ሳትከፍቱ ውስጡን እንዴት ታውቁት ነበር?» ብሎ ጠየቀኝ። «አናውቀውም ነበር፤ እንከፍተው ነበር» አልኩት። ሳቀ። እኔ መቀለዴ አልነበረም።

በሥራ ዘመኔ ብዙ ሞተር ከፍቻለሁ፤ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። አንዱን ግን ልጆቼ እንዲያውቁት እፈልጋለሁ። ሳሳድጋቸው ስለ ሥራና ስለ እውነት አጥብቄ የምቆጣ አባት ነበርኩ። ሥራን በተመለከተ ያልኳቸው ሁሉ ከዚያ ሞተር የተማርኩት ነው። እውነትን በተመለከተ ደግሞ ያ ሞተር እስከ ዛሬ ያልመለስኩትን ጥያቄ ትቶብኛል።

ወደዚህ ከተማ የመጣሁት ገና አዋሳ ስንላት፣ ከሐይቁ እስከ አዲስ ከተማ ሰፈር ያለው መንገድ አብዛኛው አቧራ በነበረበት ጊዜ ነው። የትምህርት ቤት ደጃፍ አልረገጥኩም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ከዚያ በፊት የዘይት ቆርቆሮ ላይ ያለውን የፈረንጅ ጽሑፍ በቅርጹ ብቻ ለይቼ የትኛው ለሞተር፣ የትኛው ለካምቢዮ እንደሆነ አውቅ ነበር። መጀመሪያ የተቀጠርኩት የተፈታ ዕቃ በናፍታ ለማጠብ ነው። የግል የነበረው ጋራዥ ተወርሶ የመንግሥት የጭነት መኪናዎች መጠገኛ ሲሆን፣ እኔም ከነናፍታ ገንዳዬ አብሬ ተወረስኩ። ደመወዙ ያኖር ነበር፤ ከዚያ በላይ የሚወራለት አይደለም። አለቆችም መጡ፣ ሄዱ። አንዱ ይጮህ ነበር፣ አንዱ ስብሰባ ይወድ ነበር፣ አንዱ ደግሞ ደግ ነበርና ቶሎ ተነሣ።

ሳይነሡ የኖሩት ጋሽ ሐጎስ ነበሩ። የአሥመራ ሰው ናቸው፤ ሙያውን በልጅነታቸው ከጣሊያኖች ለምደው፣ በሥራ ምክንያት ወደ ደቡብ ወርደው እዚሁ የቀሩ። እናታቸው እዚያው ሰሜን ነበሩ። ስለ እሳቸው ሲያወሩ አልሰማሁም፤ ሬዲዮ ስለ ጦርነቱ ሲናገር ግን የያዙትን ዕቃ ያስቀምጡ ነበር።

ጋሽ ሐጎስ የማይተዉት ልማድ ነበራቸው። የተከፈተ ሞተር ሳይነበብ አይጠረግም። ሌላው መካኒክ ቴስታታውን፣ የሲሊንደሮቹን መክደኛ፣ ሲያነሣ መጀመሪያ ጨርቅ ይፈልጋል። እሳቸው ጨርቅ የያዘ ሰው ሞተር አጠገብ አያስደርሱም። ጥላሸቱ የት ላይ እንደ ጠቆረ፣ የት ላይ እንደ ነጣ፣ ዘይቱ የት እንደ ረጋ፣ ሁሉንም እንዳለ ያያሉ። ከኮፓው፣ ከሞተሩ ሥር ካለው የዘይት ገንዳ፣ የወጣውን ዘይት በሁለት ጣታቸው አሽተው ወደ ፀሐይ ያወጡታል፤ የሚያብለጨልጭ ነገር ካለበት ብረት እየተበላ ነው። የወጣውን ዕቃ በወጣበት ተራ የቡና ጆንያ ላይ ይደረድሩታል፤ የመጀመሪያው ሲሊንደር ፒስተን ከሁለተኛው ጋር አይቀላቀልም። የቀኝ አውራ ጣታቸውን ጥፍር አይቆርጡም ነበር፤ በእሱ የሲሊንደሩን ግድግዳ ይዳብሱታል። ጨርቅ የሚጠይቁት ሁሉን አይተው ሲጨርሱ ነው። ጋሽ ሐጎስ ጨርቅ ካሉ ነገሩ አበቃ።

ሌላም ልማድ ነበራቸው። ሞተር ሲከፈት ሾፌሩ አጠገቡ መቆም አለበት። የተገኘውንም ከማንም በፊት የሚሰማው እሱ ነው። «የራሱን ጉዳይ ከቢሮ መስማት የለበትም» ይሉ ነበር።

የጥፍሩን ነገር የተማርኩት በውድቀት ነው። ፈትቶ መግጠም በተፈቀደልኝ ሰሞን አንድ ያረጀ መኪና ዘይት ይበላል ተብሎ ተሰጠኝ። የፒስተኑ ቀለበቶች፣ እኛ ፋሻ የምንላቸው፣ ስላለቁ በአዲስ ለወጥኳቸው። ሥራው አማረልኝ። መኪናው ቡና ጭኖ ከዲላ ሲመለስ፣ ዳገት ላይ ውስጡ ተንኳኳና ቆመ። ዝናብ ሲወርድበት አደረ፤ ቡናው ረጠበ፤ ሾፌሩ በአሻጥር ተጠርጥሮ ሲመረመር ሰነበተ። ሞተሩን ጎትተን አምጥተን ስንከፍተው አዲሱ ፋሻ ተሰባብሮ ግድግዳውን እንደ ማረሻ አርሶታል። ጋሽ ሐጎስ ሠራተኛው ሁሉ እያየ እጄን ያዙና አውራ ጣቴን ከሲሊንደሩ አፍ ዝቅ ብሎ ካለው ቦታ አሳረፉት። ጥፍሬ በአንድ ቀጭን እርከን ተደናቀፈ። ፒስተኑ ዓመታት ሲመላለስ የደረሰበትን ሁሉ በልቶ፣ ያልደረሰበትን ጫፍ እንደ ደረጃ ትቶታል። አሮጌው ፋሻ አብሮ ስላለቀ እርከኑን ሳይነካ ያልፋል፤ አዲሱ ግን ጠርዙ ሹል ነውና እየተጋጨ ይሰበራል። መጀመሪያ ያንን እርከን መላግ ነበረብኝ። አልዳበስኩትም፤ አላወቅኩምም።

«ዓይንህ ያሞኝሃል፤ ጥፍርህ አያሞኝህም» አሉኝ። ሌላ ቁጣ አልጨመሩም። ሾፌሩ ሲፈታ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኩት። «አንተ ፋሻ አስገባህ፣ እኔ እስር ቤት ገባሁ፤ ፋሻውም እኔም ተሰበርን» ብሎኝ አለፈ። ከዚያ ወዲህ በአውራ ጣቴ ሳልዳብስ የገጠምኩት ሞተር የለም።

እንግዲህ ወደ ላታሞ ልምጣ።

ላታሞ የሲዳማ ሰው ነው፤ ከእኔ በዕድሜ ይበልጣል፤ ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር። የሚነዳው አሮጌ ጣሊያን ሠራሽ የጭነት መኪና ነበር። ከመወረሱ በፊት ለነጋዴ ነድቶታል፤ ከተወረሰ በኋላም ለመንግሥት ነዳው። የኪሎ ሜትር ቆጣሪው ሞልቶ ወደ ዜሮ ተመልሷል፣ እንደገና ሞልቷል፣ በኋላ ደግሞ ገመዱ ተበጥሶ ቆሟል። ስንት እንደሄደ የሚያውቅ የለም። ከአዋሳ ሞያሌ፣ ከሞያሌ አዋሳ፣ ሲታዘዝም እስከ አሰብ። እሱ አዲስ አበባ ሄዶ እስኪመለስ ሌላው ሾፌር ደርሶ ተመልሶ አንድ እንቅልፍ ይተኛል ይባል ነበር። «ኤሊው» የሚል ስም ያወጣለት ጌታቸው የሚባል ወጣት ሾፌር ነው፤ እጁ ፈጣን፣ አፉም ከእጁ የማያንስ።

ላታሞ ጴንጤ ነው። ጸሎት ቤታቸው በዚያ ዘመን ታሽጎ ነበር። ጠዋት ሞተሩን ያስነሣና ጋቢናው ውስጥ ቁጭ ብሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ አንድ መዝሙር ይዘምራል። መዝሙሩ ሳያልቅ ማርሽ አያስገባም። ሲደርስም እንዲሁ፤ አንድ መዝሙር ሳይዘምር አያጠፋውም። ጌታቸው መስኮቱን እያንኳኳ «ጋሽ ላታሞ፣ ሞተሩን እያጠመቁት ነው እንዴ?» ይለዋል። «አንተንም ላጥምቅህ፣ ና ግባ» ይለዋል ላታሞ። ካድሬ ሲመጣ መዝሙሩ ወደ ማፏጨት ይለወጣል፤ ርዝመቱ ግን ያው ነው።

በዚያ ዓመት ከላይ ትእዛዝ መጣ። ለሰሜኑ ጦር ስንቅ የሚያመላልሱ መኪናዎች ከየመሥሪያ ቤቱ ከነሾፌራቸው ይሰጡ ተባለ። ቆጣሪያቸው ብዙም ያልሄዱ መሆናቸውን የሚያሳይ መኪናዎች ሳይመረመሩ እንዲዘምቱ ተወሰነ። የጌታቸው መኪና ከእነዚህ ነበር። ያረጁት ግን ሞተራቸው ተከፍቶ ይታያል፤ ብርቱ የተገኘው ይዘምታል፤ ያለቀለት ተፈትቶ ለመለዋወጫ ይሆናል፣ ሾፌሩም እዚሁ ይቀራል። ከዚያ መንገድ ስለቀሩ ሾፌሮች የማናውቅ አልነበርንም። ሐዘን የተቀመጠባቸው ቤቶች አዲስ ከተማም ነበሩ፣ ታቦርም ነበሩ።

ላታሞ አምስት ልጆች ነበሩት፤ የመጨረሻዋ ገና አትሄድም። ግን የፈራለት ሰው አልነበረም። እንዲያ ያለ አሮጌ ሞተር ብርቱ ይሆናል ብሎ ማን ያስባል? ጌታቸው ራሱ «የእርስዎስ ወደ ሙዚየም ነው» ብሎ ቀልዶበታል።

መኪናው የገባው ጠዋት ነው። እኔና ጋሽ ሐጎስ ሠራንበት፤ ላታሞ በልማዱ መሠረት ቆብ አውልቆ አጠገባችን ቆመ። የኮፓውን ቡሎን ፈትቼ ዘይቱን አወረድኩ። ጋሽ ሐጎስ በሁለት ጣታቸው አሹት፤ ወደ ፀሐይ አወጡት፤ እንደገና ነክረው እንደገና አሹት።

«ዘይት መቼ ቀየርክ?»

«ከሞያሌ ስነሣ።»

«እ» አሉ።

ቴስታታውን አነሣን። እዚህ ላይ የሆነውን ለመናገር ቃል ያጥረኛል፤ እንደ ሆነ ልጻፈው። ፋብሪካ አዲስ ሲሊንደር ሲጨርስ ግድግዳውን እንደ መስተዋት ልሙጥ አድርጎ አይተወውም። ሆን ብሎ በስሱ ይጭረዋል፤ ጭረቶቹ እንደ ሰፌድ ስፌት እርስ በርስ ይጠላለፋሉ። ዘይት የሚይዘው ያ ስፌት ነው። ሞተር እየሠራ ሲያረጅ ስፌቱ ይጠፋና ግድግዳው ያብረቀርቃል። ያብረቀረቀ ሲሊንደር ለማያውቅ አዲስ ይመስላል፤ ለሚያውቅ ግን አልቋል። በእኛ መንገድ አቧራ፣ ከላታሞ መኪና እጅግ ያነሰ የሄዱ ሞተሮች ሲከፈቱ መልክ ያሳያሉ። እኔም የጠበቅኩት ፊቴን በውስጡ ለማየት ነበር።

ፊቴን አላየሁም። ስፌቱ እዚያው ነበር።

ያየሁትን አላመንኩም። ወደ ሁለተኛው ሲሊንደር ዞርኩ፤ ስፌቱ አለ። ሦስተኛው፣ አራተኛው፣ እስከ ስድስተኛው ድረስ ሰፊዋ ትናንት እጇን ያነሣችበት ይመስል ነበር። ጋሽ ሐጎስ አውራ ጣታቸውን አስገብተው ከአፉ ወደ ታች ሳቡ። ጥፍራቸው አልተደናቀፈም። ሰው ዕድሜውን ሙሉ የረገጠውን የቤቱን ደፍ ድንጋይ በባዶ እግሩ ሲዳብስ ሳይቦረቦር እንደማግኘት ነው። ከሥር ገብቼ አንዱን ብሮንዚና አወረድኩ፤ የክራንኩ ዘንግ የሚሽከረከርበት ለስላሳ ሽፋን ነው። ሲበላ ሥሩ ያለው መዳብ ይቀላል። ይኸኛው ግራጫ ነበር፤ እንደ እርግብ ደረት ግራጫ። ከመኪናው ሥር ስወጣ ሳላስበው ቆቤን አውልቄ በእጄ ይዤው ነበር።

ጋሽ ሐጎስ ስድስቱንም ሲሊንደር በጥፍራቸው ዳበሱ። ከዚያ፣

«ላታሞ።»

«አቤት ጋሼ።»

«ምን ስታደርገው ነው የኖርከው?»

ላታሞ ደነገጠ። «ምን አጠፋሁ?»

«እጅህን አምጣ።» ጣቱን ወስደው ግድግዳው ላይ አሳረፉት። ያን ሁሉ ዘመን የነዳውን ሞተር ውስጡን ሲነካ የመጀመሪያው ነበር።

«ሻካራ ነው» አለ፣ እንደ ጥፋተኛ። «ተጭሯል።»

«እሱ ነው ጤንነቱ። ከፋብሪካ ይዞት የመጣው ነው። የሌላው ሰው ይኼ የለውም፤ በልቶታል።» ድምፃቸው ተለወጠ። «አርባ ዓመት ሊሆነኝ ነው ሞተር ስከፍት። እንዲህ ያለ አላየሁም። ጣሊያኖቹም አላሳዩኝም።»

ላታሞ ጣቱን አላነሣም። ቀስ ብሎ ይዳብሰው ነበር፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እየጸለየ ይሁን እየቆጠረ አላውቅም። ከዚያ የሚያደርገውን ነገረን። ያቤሎ መንገድ ላይ አቧራው ቀይ ዱቄት ነው፤ ባደረበት ሁሉ የአየር ማጣሪያውን ፈትቶ ያጥባል። ናፍታ ሲቀዳ በጨርቅ ሳያጠል አይቀዳም። ዳገት ላይ አይሽቀዳደምም። የቀዘቀዘ ሞተር አያስጮህም። «ሌላ ምንም የለም» አለ። እውነትም ሌላ ምንም የለም። ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው፤ እሱ ብቻ አንድም ቀን ሳያጓድል አደረገው። ልጆቼ ሆይ፣ ስለ ሥራ ስቆጣችሁ የኖርኩት ይኼንን ስላየሁ ነው። ማንም በማያይበት የሲሊንደር ውስጥ የአንድ ሰው ጠባይ ተጽፎ አይቻለሁ።

ከዚያ የላታሞ ፊት ወረደ። እጁን አወጣና በሱሪው ጠረገ።

«እንግዲህ መሄዴ ነው» አለ።

ደስታችን ትእዛዙን አስረስቶን ነበር። እኔ ያን ጊዜ ወጣትና ግትር ነኝ፤ «ያየነውን እንጽፋለን፤ እውነት እውነት ነው» አልኩ። ማንም አልጠየቀኝም ነበር። ላታሞ «ልክ ነህ፣ ወንድሜ ጴጥሮስ» አለኝ። ጋሽ ሐጎስ አዩኝና ዓይናቸውን መለሱ።

በምሳ ሰዓት የላታሞ ሚስት ዳንጊሴ ቆጮና ጎመን ይዛለት መጣች። የባሏን ፊት አይታ በሲዳምኛ አንድ ሁለት ቃል ጠየቀችው፤ አልመለሰላትም። ወደ እኔ ዞረች።

«ወንድሜ፣ ሞተሩ ደህና አይደለም?»

«ደህና ነው እህቴ፤ እንዲህ ያለ አላየንም» አልኳት፣ እንደ ምሥራች።

«በጣም ደህና ነው?»

«በጣም።»

ሳህኑን መሬት አስቀመጠች። «ናፍታ የሚያጠልበትን ጨርቅ የማጥበው እኔ ነኝ» አለች። «ከመንገድ በመጣ ቁጥር፣ ነፍሰ ጡር ሆኜም፣ አራስ ሆኜም። ቆሻሻ ሞተር ሰው መንገድ ላይ ይጥላል ይለኛል። አይጣልብኝ ብዬ አጠብኩ።» ጨርቁ ከፊቷ ያለ ይመስል እጆቿን ተመለከተች። «በገዛ እጄ አጥቤ ላክሁት ማለት ነው።»

 አባ ኮዳ የምንላቸው ትልልቅ ወፎች ቆርቆሮው ላይ ሲራመዱ ይሰማ ነበር፤ ከዓሣው ቦታ ጠግበው ሲመለሱ እኛ ጣሪያ ላይ ያርፋሉ። የጠዋት ንግግሬ ትዝ አለኝ። ቃሌን ግን አላነሣሁም። እውነቱን እንደዚያው አምን ነበር፤ ከአፌ መውጣቱ ብቻ አስጠላኝ።

ከሰዓት በኋላ ሥራ አስኪያጁ ጓድ ታደሰ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም። ከሌላ መሥሪያ ቤት ተዛውሮ ገና መምጣቱ ነው፤ ስለ መኪና ብዙ አያውቅም፤ ከላይ የሚጠየቀውን ማሟላት ነበረበት። ላታሞ ቆሞ ነበር። ዳንጊሴ ባዶ ሳህኗን ይዛ በሩ አጠገብ ቆይታለች።

«እህ፣ ጓድ ሐጎስ፣ እንዴት ነው ይሄ ሽማግሌ?»

«ይኸው፤ ይዩት» አሉና ጋሽ ሐጎስ ከሞተሩ ፈቀቅ አሉ።

ጓድ ታደሰ ኮቱን ሰብስቦ ጎንበስ አለ። የመጀመሪያውን አየ፣ ሁለተኛውን አየ፣ በጣቱም ዳበሰ። ራሱን ነቀነቀ።

«ምንድነው ይሄ ሁሉ ጭረት? ድመት የቧጠጠው ነው የሚመስለው። ሁሉም እንዲህ ነው?»

«ሁሉም» አሉ ጋሽ ሐጎስ።

«የሌሎቹ መኪናዎችም እንዲህ ናቸው?»

«የሌሎቹ እንደ መስተዋት ያብረቀርቃሉ።»

የተናገሩት በሙሉ እውነት ነበር። ጓድ ታደሰ ግን የሰማው ሌላ ነው። እኔ ስህተት ሰምቼ ማለፍ የማልችል ሰው ነኝ፤ ሚስቴም ልጆቼም ይመሰክራሉ። አፌ ተከፈተ።

«ጓድ ሥራ አስኪያጅ…» አልኩ።

ዞሮ አየኝ። ላታሞም አየኝ። በዓይኑ አልለመነኝም፤ ለምኖኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ የምለውን ሊቀበል ዝግጁ ሆኖ።

«ጴጥሮስ፣ ጨርቅ» አሉ ጋሽ ሐጎስ።

ሄጄ ጨርቅ አመጣሁ። ተቀብለውኝ የመጀመሪያውን ሲሊንደር ከአፉ እስከ ታች ጠረጉት፤ ረጋ ብለው፣ እንደ ሬሳ ፊት።

«ምን ልትል ነበር?» አለኝ ጓድ ታደሰ።

«ሞተሩ ብዙ ሠርቷል ልል ነበር» አልኩት።

«እሱማ ግልጽ ነው» አለ። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ አስደግፎ በራሱ እጅ ሞላው፤ እኛ የጻፍነው ቃል የለም። በሩ ላይ ሲደርስ ወደ ላታሞ ዞረና «አይዞህ ጓድ፣ የድርሻህን ተወጥተሃል» አለው። ከልቡ ነው ያለው። ዳንጊሴ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ወጣች።

ያን ዕለት መሣሪያ ስናጥብ፣ «ጋሽ ሐጎስ፣ ዋሽተናል» አልኳቸው።

«ምን አልኩ?»

«ውሸት አላሉም። ግን እያወቁ ዝም አሉ።»

«አንተስ?»

«እኔም።»

«እንግዲህ ሁለት ነን» አሉና ማጠባቸውን ቀጠሉ። ጥቂት ቆይተው ደግሞ፣ «ሞተሩ አሳዝኖኛል» አሉ። «የሰደብኩት ነው የመሰለኝ።»

ልጆቼ፣ እያወቀ ዝም ያለ ዋሽቷል ብዬ አስተምሬያችኋለሁ። ያንን ቃሌን አልሰረዝኩም። ያን ቀን ተናግሬ ቢሆን ኖሮ ብዬም ተመኝቼ አላውቅም። ሁለቱን ማስታረቅ አልቻልኩም፤ የሚችል ካለ ይንገረኝ።

ዋጋው ግን ወዲያው ተጠየቀ። ያለቀለት የተባለ ሞተር መፈታት አለበት። ላታሞ እንደ ልማዱ ቆመ። የእኛ ሞተሮች ሲሊንደር ከብሎኩ ተነቅሎ የሚወጣ የብረት ቱቦ ነው፤ እያንዳንዱን ከነፒስተኑ አወጣን። ስድስቱም ቡና ጆንያ ላይ ተደረደሩ። እየሠራ የነበረ፣ ገና ብዙ ሊሠራ የሚችል ነገር ነው። ብዙ የተሰበረ ፈትቻለሁ፤ ጤነኛ ስፈታ ግን ያ አንዱ ነው፣ እጄም ከበደኝ። የመጨረሻዎቹን ቡሎኖች ላታሞ «ስጠኝ» ብሎ ራሱ ፈታቸው። ከዚያ በኋላ የከተማውን የውኃ ቦቴ እንዲነዳ ተመደበ። ቱቦዎቹ የማይፈለግ ብረት ከሚጣልበት ከጓሮ ገቡ። ጋሽ ሐጎስ ግን ግሪስ ቀብተው በጆንያ ጠቀለሏቸው። ለምን ብዬ አልጠየቅኳቸውም።

ዘመቻው ሲቃረብ ጌታቸው መኪናውን ዘይት ሊያስቀይር አመጣ። እየቀለደ ነበር፤ ቀልዱ ግን አልተረጋጋም። መኪናው ሲገባ ከኋላው ሰማያዊ ጭስ ተከትሎታል። ጋሽ ሐጎስ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን አንሥተው መዳፋቸውን ከደኑበት፤ ትንፋሹ እጃቸውን ገፋው።

«በዚህ ነው የምትሄደው?»

«ቆጣሪው አዲስ ነው ይላል ጋሼ። የምሄደው በቆጣሪው ነው።»

ከፈትነው። ስድስቱም ሲሊንደር ያብረቀርቃል፤ ጥፍር እርከኑ ላይ ይደናቀፋል። ጌታቸው ጎንበስ ብሎ አየና ፀጉሩን አስተካከለ። «ምን ጎደለው? መልኬን ያሳያል» አለ። ጋሽ ሐጎስ ዳገት ላይ ምን እንደሚሆን ነገሩት። ዕቃ ግምጃ ቤት መለዋወጫ አልነበረም። ከስም ዝርዝር ማስወጣትም የእኛ ሥልጣን አልነበረም። ጌታቸው ጥፍሩን እርከኑ ላይ ደጋግሞ ሳበ። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነበር።

ላታሞ ቦቴውን ውኃ ሊያስሞላ መጥቶ ከኋላችን ቆሞ ኖሯል። «የእኔን አግቡለት» አለ።

ጌታቸው ዞረ። «ጋሽ ላታሞ፣ ያረጀ ተብሎ የተጣለውን? ሊገድሉኝ ነው?»

«አዎ፣ ያረጀውን» አለ ላታሞ። «አፍህን ዝጋና ተቀበል።»

የሁለቱም ሞተር ሥሪቱ አንድ ነበርና ጋሽ ሐጎስ ሄደው ጆንያውን አመጡ። ፒስተኑን ከነቱቦው፣ ሳንለያይ፣ በወጡበት ተራ አስገባናቸው። ላታሞ ጎን ለጎን ቆሞ ያቀብለን ነበር። እያንዳንዱን ከማቀበሉ በፊት በመዳፉ ዙሪያውን ያብሰዋል። ሞተሩ ሲነሣ ጭስ አልነበረም። ጌታቸው ጋቢናው ውስጥ ሆኖ ሲያዳምጥ ቆየ። ከዚያ ወርዶ የላታሞን ትከሻ ሳመ፤ ቀልድ አልጨመረበትም።

ሄደ። ወራት አለፉ። ጋሽ ሐጎስ በመሐል ጡረታ ወጥተው አዲስ አበባ ልጃቸው ዘንድ ሄዱ፤ እናታቸውን ሳያዩ እንደ ቀሩ በኋላ ሰማሁ። ከዘመቱት መኪናዎች ወሬያቸው የጠፋ ነበሩ። የጭነት መኪና ጡሩምባ በሰማሁ ቁጥር ወደ በሩ እሄድ ነበር። ላታሞም ቦቴውን ሊሞላ ሲመጣ አለቅጥ ይቆያል። ስለምንጠብቀው ነገር አንድም ቀን አልተነጋገርንም። የምፈራው ይኼ ነበር፤ ያ ልጅ ቢቀር፣ አንዱን ዝም ብለን አስቀርተን ሌላውን እያወቅን ሸኘን ማለት ነው። ጥሩ ሞተር ጥይት አይመልስም። ብርቱ ሞተር ይዘው የቀሩ አሉና ይኼንን ታሪክ እንደ ተረት አትስሙት።

ከክረምት በኋላ አንድ ቀን ረፋድ ላይ መጣ። መኪናው መስታወት የለውም፤ አንዱ በር በሽቦ ታስሯል፤ የጭነቱ ቦታ ላይ የነበረው ሸራ ተቃጥሎ የብረት ቅስቶቹ ብቻ ቀርተዋል። ሞተሩ ግን አይንኳኳም። ጌታቸው ከስቶ ወረደ። በመንገድ ላይ ከፊቱም ከኋላውም ያሉት አንድ ረጅም ዳገት ላይ ሲቀሩ፣ የቆሰሉ ሰዎች እየጫነ ሳይቆም እንደ ወጣ ነገረን። 

ላታሞ ከቦቴው ወርዶ ቀረበ። ጌታቸው አየውና መዳፉን የሞተሩ ክዳን ላይ አሳረፈ። ከዚያ፣

«ጋሽ ላታሞ» አለ፣ «ያረጀ አልነበረም።»

ላታሞ ወደ መኪናው ተጠጋ። ያልጠፋውን ሞተር ትንሽ አዳመጠ። ከዚያ የልጁን ክንድ ይዞ እንደ ልማዱ ቀስ እያለ ወደ ጥላው ወስዶ አስቀመጠው።

«ቤትህ ሄደሃል?» አለው።

«ገና። መጀመሪያ ወደዚህ ነው የመጣሁት።»

«በል ተነሥ» አለው ላታሞ። «በቦቴው አደርስሃለሁ። እናትህ ሳታይህ አይመሽም።»